ስሮጥ ከርሜ ኪሎዬ ለምን አልቀነሰም?

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱን ደብዳቤዎች መካከል ለጤናቸውና ለደስታቸው ከሚሮጡ ሰዎች የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በአንድ ቁጥር ነው፤ እርሱም ጠዋት ሚዛን ላይ ወጥተው ያነበቡት ኪሎ ነው። በዚህ እትም አራት ደብዳቤዎችን አንድ ላይ ያቀረብነው ጠያቂዎቹ በዕድሜና በፆታ ቢለያዩም ጭንቀታቸው ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ስለሆነ ነው፤ ክብደትና የሰውነት ስብጥር ለየቅል ናቸው። ስብጥር ስንል ከጠቅላላው ኪሎ ውስጥ ስቡ ምን ያህል፣ ጡንቻው ምን ያህል፣ አጥንቱና ውኃው ምን ያህል እንደሆነ ማለታችን ነው። የጠያቂዎቹን ስም በፍላጎታቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ64 ሲሆን ሩጫ ስጀምር 71 ኪሎ ነበርኩ። ላለፉት 10 ወራት በሳምንት አራት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 5 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጫለሁ። መጀመሪያ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳላርፍ መጨረስ ያቅተኝ ነበር፤ አሁን አምስቱንም ሳልቆም እጨርሳለሁ። ወገቤ በሜትር ሲለካ ከ92 ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ወርዷል፣ ቀሚሶቼም ሰፍተውኛል። ሚዛኑ ግን ዛሬም 70 ነው የሚለው። ስልኬ ላይ ያለው፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያነጻጽረው የቢኤምአይ ስሌትም «ክብደትዎ ከልክ በላይ ነው» ይለኛል። እህቴ «ልፋትሽ ከንቱ ነው፤ ሩጫ አያከሳም» እያለች ተስፋ ታስቆርጠኛለች። ሩጫውን ልተወው ወይስ ራት መብላት ላቁም?

መልስ፦ ሩጫውንም አይተዉ፣ ራትዎንም አያቁሙ። በደብዳቤዎ ውስጥ ከጠቀሷቸው ቁጥሮች ሁሉ ስለ ጤናዎ ብዙ የሚናገረው 70 የሚለው ሳይሆን ከ92 ወደ 85 የወረደው የወገብዎ ልክ ነው። ሚዛን ከእግርዎ በታች ተቀምጦ የሚመዝነው አጥንትዎን፣ ጡንቻዎን፣ ስብዎን፣ ደምዎን፣ የጠጡትን ውኃና ገና ከአንጀትዎ ያልወጣውን ምግብ አንድ ላይ ደምሮ ነው፤ የትኛው እንደጨመረና የትኛው እንደቀነሰ ለይቶ ሊነግርዎ አይችልም። በወገብ ዙሪያ የተጠመጠመ ሜትር ግን ለሐኪሞች ይበልጥ የሚያሳስበውን ስብ፣ ማለትም በሆድ ዕቃ ውስጥ ጉበትንና አንጀትን ከብቦ የሚቀመጠውን ይከታተላል። ከስኳር በሽታና ከልብ ሕመም ጋር በጥብቅ የሚያያዘው ይኸው የውስጥ ስብ ሲሆን፣ እንደ ሩጫ ያለ ትንፋሽን የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ክብደት እምብዛም ሳይንቀሳቀስ እንኳ እንደሚቀንሰው በተደጋጋሚ ታይቷል።

ወገብን በተመለከተ ለማስታወስ የሚቀል አንድ መለኪያ አለ፤ የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል። የእርስዎ ቁመት ግማሽ 82 ሴንቲ ሜትር ነው። ሲጀምሩ ከዚያ በ10 ሴንቲ ሜትር ይበልጡ ነበር፣ ዛሬ የቀረዎት 3 ነው። ይህን ያህል መንገድ የሄደ ሰው ልፋቱ ከንቱ ነው መባሉ እኔን ያሳዝነኛል፤ እህትዎ ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ታዲያ ወገቡ ሲቀንስ ኪሎው ለምን ቆመ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ስቡ ወደ ጡንቻ ተለወጠ» ብሎ ሲያጽናና ይሰማል፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። ስብና ጡንቻ የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው፣ አንዱም ወደ ሌላው አይለወጥም። ስብ ሲቃጠል አብዛኛው ክፍሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፣ የቀረው ውኃ ይሆናል። በእርስዎ ሰውነት ውስጥ ግን ስቡ በሚቀንስበት በዚያው ወቅት ሌሎች ነገሮች ጨምረዋል። ለዓመታት ሮጦ የማያውቅ ሰው ሲጀምር የእግሩና የመቀመጫው ጡንቻ በመጠኑ ይዳብራል፤ የደሙ ፈሳሽ መጠን ከፍ ይላል፤ ጡንቻዎቹም ግላይኮጅን የሚባለውን የስኳር ስንቅ ከቀድሞው አብልጠው ማከማቸት ይለምዳሉ። እያንዳንዱ የግላይኮጅን ግራም ደግሞ 3 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል። በተጨማሪም አንድ ኪሎ ስብ የሚይዘው ቦታ ከ1.1 ሊትር በላይ ሲሆን አንድ ኪሎ ጡንቻ ግን ከ1 ሊትር ያነሰ ቦታ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ኪሎው ባይነቃነቅ እንኳ ቀሚሱ ሊሰፋ ይችላል።

ሁለተኛውን ምክንያት ደግሞ ሳልሸሽግ ልንገርዎ፤ ሩጫ ሰው እንደሚያስበው ያህል ብዙ ካሎሪ አያቃጥልም። በግርድፉ ሲሰላ አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ አንድ ካሎሪ ያህል ያወጣል። እርስዎ በ70 ኪሎ 5 ኪሎ ሜትር ሲሮጡ 350፣ በሳምንት አራት ጊዜ ደግሞ 1,400 ካሎሪ ገደማ ማለት ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ፣ ሌላ ምንም ሳይለወጥ አንድ ኪሎ ስብ ለማቃጠል ከአምስት ሳምንት በላይ ይፈጃል። «ሌላ ምንም ሳይለወጥ» የሚለው ግን የሚሠራው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። የሮጠ ሰው ይርበዋል፤ ከሩጫ በኋላም ሳያውቀው ቀኑን ተቀምጦ ያሳልፋል፤ ከተቃጠለው ውስጥ ከፊሉ በዚህ መንገድ ይመለሳል። ይህ የፈቃደኝነት ድክመት አይደለም፣ ሰውነት የኃይል ሚዛኑን ለመጠበቅ የሚያደርገው ነው።

ሚዛን በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል ላሳይዎ። አንድ ጊዜ ከሩጫ ጓደኛዬ ጋር ለሁለት ሰዓት ያህል ከመሮጣችን በፊት በሚዛን ለካሁት፤ 74.2 ኪሎ ነበር። በመንገድ ላይ ግማሽ ሊትር ውኃ ጠጣ። 20 ኪሎ ሜትር ጨርሶ፣ ላቡን አድርቆ፣ በያው ሚዛን ላይ ሲወጣ 72.5 አነበብን። ወዲያው ደስታው ፊቱ ላይ ታየ፤ አንድ ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም! ቁጭ ብለን አሰላነው። በዚያ ርቀት ያወጣው ኃይል ቢበዛ 1,500 ካሎሪ ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹ ከስብ መጣ ብንል፣ አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ የተቃጠለው ስብ 83 ግራም ገደማ ይሆናል። የቀረው በሙሉ ለማለት ይቻላል ላብ ነበር፤ ምሽት ላይ በልቶና ጠጥቶ ሲመዘንም ተመልሶ 74 ሆነ። በአንድ ቀን ውስጥ አንድና ሁለት ኪሎ መውጣትና መውረድ የተለመደ ነው። ጨው የበዛበት ምግብ፣ የወር አበባ የሚመጣበት ሰሞን፣ ጡንቻን ያሳመመ ጠንካራ ልምምድ፣ ሁሉም ውኃ በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ያደርጋሉ።

ስልክዎ ላይ ስላለው ቢኤምአይም አንድ ነገር ልበል። ይህ ስሌት ክብደትን በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለት ጊዜ በማካፈል የሚገኝ ነው። የእርስዎ 26 ይመጣል፤ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው እንደ ጤናማ ስለሚቆጠር «ከልክ በላይ» የተባሉት በዚህ ምክንያት ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1832 ያቀረበው ቤልጅየማዊው የሥነ ፈለክና የስታቲስቲክስ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ዓላማው የብዙ ሕዝብን አማካይ የሰውነት መጠን ማጥናት እንጂ አንድን ግለሰብ መመርመር አልነበረም። አሁን የሚጠራበትን ስም ያገኘው ከ140 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ሲሠራበት ጠቃሚ መረጃ ይሰጣል፤ አንዲት ሴት በ10 ወር ውስጥ የሆድ ስቧን መቀነሷን ግን ሊያይ አይችልም።

ከዚህ በኋላ ምን ያድርጉ? አራቱን የሩጫ ቀናት ይቀጥሉ፤ ከቻሉ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ ይጨምሩ። ተጨማሪ ስብ መቀነስ ከፈለጉ አንድ ማዕድ ከመዝለል ይልቅ ከየማዕዱ ትንሽ ትንሽ ይቀንሱ፤ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዲወርድ አይጠብቁ፣ ቢወርድም አይደሰቱበት፤ በፍጥነት ከሚሄደው ኪሎ ጋር ጡንቻ አብሮ ይሄዳልና። ፕሮቲን ያላቸውን ምግቦች፣ ማለትም ጥራጥሬ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ሥጋና ወተት የመሳሰሉትን በየማዕዱ ያካፍሉ፤ ለሚሮጥ ሰው በቀን በየኪሎው ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፣ በእርስዎ ክብደት ከ84 እስከ 112 ግራም መሆኑ ነው። ሚዛን ላይ መውጣት ካልተዉ ጠዋት ከመጸዳጃ ቤት መልስ ምግብ ሳይቀምሱ ይመዘኑና የሰባቱን ቀን አማካይ ይያዙ። ወገብዎን ደግሞ በወር አንድ ጊዜ፣ ከመጨረሻው የጎድን አጥንትና ከዳሌው አጥንት ጫፍ መካከል፣ በመደበኛ ሁኔታ አየር አስወጥተው ሆድዎን ሳይስቡ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። ከ20 ዓመት በላይ ሮጫለሁ፣ ዛሬም በሳምንት 30 ኪሎ ሜትር አላጣም። ክብደቴ በ40 ዓመቴ 68 ኪሎ ነበር፣ አሁንም 68 ነው፤ እኩዮቼም በዚህ ይቀኑብኛል። ሆኖም በቅርቡ ያስተዋልኩት ነገር አለ። ሱሪዎቼ ጭን ላይ ሲሰፉ ወገብ ላይ ጠበቡኝ። ከዝቅተኛ ወንበር ስነሣም እጄን ጉልበቴ ላይ መደገፍ ጀምሬያለሁ። ኪሎዬ ካልተለወጠ ይህ ከምን የመጣ ነው?

መልስ፦ የእርስዎ ጉዳይ ከላይ የጻፉልን እህት ጉዳይ ተገልብጦ ነው። እርሳቸው ኪሎው ሳይለወጥ ሰውነታቸው ወደ መልካም ተለወጠ፤ የእርስዎ ደግሞ ኪሎው ሳይለወጥ ጡንቻው እየሳሳ ስብ ቦታውን እየያዘ ሄዷል። ከ30ዎቹ ዕድሜ በኋላ ሰው በየ10 ዓመቱ ከጡንቻው ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆነውን ሊያጣ ይችላል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሩጫ ልብዎንና ሳንባዎን ጠብቆልዎታል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ፍጥነት ረጅም ርቀት መሮጥ ለጡንቻ የሚሰጠው ጫና ብዙ ጊዜ የሚደጋገም ቀላል ጫና ነው፤ ጡንቻን በተለይም ለፈጣንና ለኃይለኛ እንቅስቃሴ የሚያገለግሉትን ክሮች አጥብቆ ለመያዝ አልፎ አልፎ የሚመጣ ከባድ ጫና ያስፈልጋል። ከወንበር ለመነሣት የሚያስፈልገው ይኸው ኃይል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ከመከረ በኋላ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲታከልበት ይጠይቃል። እርስዎ የመጀመሪያውን ከበቂ በላይ ፈጽመዋል፤ የጎደለው ሁለተኛው ነው። ይጀምሩ በዚያው ባስቸገረዎ ወንበር። እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ቀስ ብለው ይቀመጡ፣ ሳይደገፉ ይነሡ፤ ስምንት ጊዜ ደግመው ይረፉ፤ ሦስት ዙር ይሥሩ። ሲቀልልዎ ክብደት ይዘው ይነሡ። ደረጃ ላይ በእግር ጣት ከፍ ዝቅ ማለትን፣ ግድግዳ ተደግፎ በኋላም መሬት ላይ ፑሽ አፕ መሥራትን ያክሉበት። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች የሚያታግሉ መሆን አለባቸው፤ የማያታግል ልምምድ ጡንቻን አያስገድድም። ጊዜ ካጠረዎ ከ30ው ኪሎ ሜትር አምስቱን ቀንሰው ለዚህ ቢሰጡ አይከስሩም። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ ከባድ ክብደት ከመያዝዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ለውጡንም በኪሎ አይከታተሉት፤ በ30 ሰከንድ ውስጥ ከወንበር ሳይደገፉ ስንት ጊዜ እንደተነሡ ቆጥረው በየወሩ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ወንድ ነኝ፣ 78 ኪሎ እመዝናለሁ። የስብ መጠንን በመቶኛ የሚያሳይ የቤት ሚዛን ገዛሁ። ጠዋት 21 በመቶ፣ ማታ 24፣ ከሩጫ ስመለስ ደግሞ 19 ይለኛል። የትኛውን ልመን? 10 ኪሎ ሜትር በ54 ደቂቃ እሮጣለሁ፣ ከ50 በታች መግባት እፈልጋለሁ። ለዚህስ ስቤን 10 በመቶ ማድረስ አለብኝ?

መልስ፦ ሦስቱንም እንደ እውነተኛ ልክ አይያዟቸው። ይህ ዓይነቱ ሚዛን ስብን አይቶ አይደለም የሚነግርዎ። በባዶ እግርዎ የሚረግጧቸው ብረቶች የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ በሰውነትዎ ውስጥ ያሳልፋሉ፤ ውኃና ጨው የበዛበት ጡንቻ ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ሲያሳልፍ ስብ ግን ይቋቋመዋል። መሣሪያው የሚለካው ይህን መቋቋም ብቻ ነው፤ ከዚያ ያስገቡትን ዕድሜ፣ ፆታና ቁመት ጨምሮ በቀመር ይገምታል። ስለዚህ ውኃ ሲጎድልብዎ ግምቱ ወደ ላይ ሊሄድ፣ ቆዳዎ ሲሞቅና ሲያልብዎ ደግሞ ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። በእግር ብቻ የሚረገጥ ከሆነ ኤሌክትሪኩ በአንዱ እግር ወጥቶ በሌላው ስለሚወርድ ከወገብ በላይ ያለውን የሰውነት ክፍል የሚያየው እጅግ በጥቂቱ ነው። ሚዛንዎ «ስፖርተኛ» የሚል አማራጭ ካለው አንዴ ይሞክሩት፤ ያው ሰው በያው ደቂቃ፣ ቁልፍ ስለተጫነ ብቻ፣ የስቡ መጠን በብዙ ነጥብ ዝቅ ብሎ ይታያል። መልሱ ውስጥ ምን ያህል ግምት እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የተሻሉ መንገዶች አሉ። ዴክሳ የተባለው ምርመራ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያላቸው ኤክስሬዮችን ተጠቅሞ አጥንትን፣ ስብንና የቀረውን ሥጋ ይለያል፤ በዋነኛነት የሚታወቀው ግን የአጥንትን ጥግግት በመለካት ነው፣ ከስህተትም ፈጽሞ ነፃ አይደለም። ለእርስዎ ዓይነቱ ሯጭ ከሁሉ የሚቀልለው ቆዳን ከሥሩ ካለው ስብ ጋር ቆንጥጦ ውፍረቱን በሚሊ ሜትር የሚለካው መሣሪያ ነው፤ ሁልጊዜ የለመደ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ በእነዚያው ቦታዎች ላይ እስከለካ ድረስ። እኔ የምመክረው ሚሊ ሜትሮቹን ደምሮ ድምሩን በየሁለት ወሩ ማወዳደርን ነው፤ ወደ መቶኛ መቀየሩ ሌላ ግምት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ጥቅም የለም። የገዙትን ሚዛን መጣል ግን የለብዎትም። ጠዋት ብቻ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ይጠቀሙበትና የወራት አዝማሚያውን ይመልከቱ።

ወደ 10 በመቶው ስንመጣ፣ አይጠበቅብዎትም። ወንድ ልጅ ለመኖር ብቻ ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ሴት ደግሞ ከ10 እስከ 13 በመቶ ስብ ያስፈልጋቸዋል፤ ስብ ሆርሞን ለመሥራትም፣ የውስጥ አካላትን ለመጠበቅም ይውላልና። ክብደትና ፍጥነት የሚገናኙበት ቦታ አንድ ሰው በደቂቃ መጠቀም የሚችለው ኦክስጅን ለኪሎው ሲካፈል ነው። ለምሳሌ 3.5 ሊትር ኦክስጅን የሚጠቀም ሰው በ78 ኪሎ ለእያንዳንዱ ኪሎ 45 ሚሊ ሊትር ገደማ ይደርሰዋል፤ 3 ኪሎ ስብ ብቻ ቢቀንስ ወደ 47 ይጠጋል፣ ይህም ለውጥ ነው። ነገር ግን እነዚያ 3 ኪሎዎች በረሀብ ከመጡና ጡንቻ ከተቀላቀለባቸው 3.5 የነበረው ራሱ ይወርዳል፤ እግርም የሚገፋበት ጉልበት ያጣል። ከ54 ወደ 50 ደቂቃ ለመድረስ አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው የሳምንቱን ርቀት ቀስ በቀስ ማሳደግ፣ በሳምንት አንድ ቀን በፈጣን ምት በክፍልፋይ (ጥቂት ፈጥኖ፣ ጥቂት አርፎ እየደጋገሙ) መሮጥና በቂ እንቅልፍ ነው። በእነዚህ ላይ ሳለ ስቡ ቢቀንስ መልካም፤ ልምምዱን ግን ለስቡ ብለው አያራቁቱት።

ጥያቄ፦ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ66 ነው። ለመጀመሪያ ግማሽ ማራቶኔ ስዘጋጅ አብሮኝ የሚሮጥ ሰው «በቀለልሽ ቁጥር ትፈጥኛለሽ» ስላለኝ በአምስት ወር ውስጥ ከ58 ወደ 49 ኪሎ ወረድኩ። መጀመሪያ በእርግጥም ፈጠንኩ። ካለፉት ሁለት ወራት ወዲህ ግን ሰዓቴ እየተበላሸ ነው፣ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ ይበርደኛል። የወር አበባዬ ካየሁት አራት ወር ሆኖኛል። ሰሞኑን የእግሬ አገዳ ላይ በጣት የሚነካ አንድ ነጥብ ያመኛል፤ ስተኛም አይለቀኝም። በቀን 1,400 ካሎሪ እበላለሁ፣ በአብዛኛው ቀን 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ሁለት ኪሎ ብቻ ብቀንስ ፍጥነቴ ይመለስ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእንግዲህ አንድ ግራም እንኳ መቀነስ የለብሽም። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሦስት ጊዜ ነው፤ ከአራቱ ጥያቄዎች መካከል ፈጥኖ መልስ ማግኘት ያለበትም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን አብረን እንይ። በ58 ኪሎ ሳለሽ ቢኤምአይሽ 21 ነበር፣ ከጤናማው ክልል መሐል ማለት ነው፤ ዛሬ ከ18 በታች ወርዷል። ከ49 ኪሎሽ ውስጥ ስብ ያልሆነው 40 ኪሎ ያህል ነው ብለን እንገምት። 10 ኪሎ ሜትር ስትሮጪ 490 ካሎሪ ገደማ ይወጣል። ከበላሽው 1,400 ላይ ይህ ሲቀነስ 910 ይቀራል፤ ለ40 ሲካፈል ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው 23 ካሎሪ ነው። ከሩጫ የሚተርፈው ኃይል ወደ 45 ሲጠጋ ሰውነት ሥራውን ሁሉ ያለ ችግር ያከናውናል፤ ከ30 በታች ሲወርድ ግን ለሕይወት አስቸኳይ ያልሆነውን መዝጋት ይጀምራል። ልብና ሳንባ አይዘጉም፤ የሚዘጋው የወር አበባ፣ የአጥንት ግንባታ፣ ሙቀት፣ እንቅልፍና ከልምምድ ማገገም ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 «በስፖርት ውስጥ የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት» ብሎ የሰየመው ይህንኑ ነው፤ በታላላቅ ሯጮች ላይ ብቻ ሳይሆን እንዳንቺ ለራሳቸው በሚሮጡትም ላይ ይደርሳል፣ ወንዶችንም አይምርም።

መጀመሪያ መፍጠንሽ ማንንም የሚያሳስት ነው። ኪሎው ቶሎ ሲወርድ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሚደርሰው ኦክስጅን ለጊዜው ይጨምራልና ሰዓት ይሻሻላል፤ ይህም «ምክሩ ትክክል ነው» ያሰኛል። የረሀቡ ዕዳ ግን ከወራት በኋላ ይመጣል። ጡንቻ ይሳሳል፣ ስንቅ ያልያዘ እግር መሐል መንገድ ላይ ይዝላል። «በቀለልሽ ቁጥር» ያለሽ ሰው ክፉ አስቦ አይመስለኝም፤ የነገረሽ ግን ስለ ኪሎ እንጂ ስለ ሰውነትሽ አልነበረም።

የወር አበባሽ መቅረት የልምምድ ጥሩ ምልክት ነው የሚል ካለ አትስሚው። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረ ምርመራ ያስፈልገዋል። ሐኪሙ በቅድሚያ እርግዝናን፣ ከዚያ የታይሮይድና የሌሎች ሆርሞኖችን ሁኔታ ማጣራት ይኖርበታል። ምክንያቱ የምግብ ማነስ ሆኖ ከተገኘ መድኃኒቱ ምግብና ዕረፍት ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ደም እንዲታይ ያደርጋል፤ የተዘጋውን የሰውነት ሥራ ግን አይከፍተውም፣ ለአጥንትም መፍትሔ አይሆንም። ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲያንስ አጥንት ይሳሳል፤ ያንቺ ዕድሜ ደግሞ ለቀሪው ሕይወት የሚበቃ አጥንት የሚከማችበት የመጨረሻው ጊዜ ነው።

የአገዳሽ ሕመም ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። በጡንቻው ላይ ተሰራጭቶ ሲሞቅ የሚለቅ ሕመም አንድ ነገር ነው፤ በጣት በሚነካ አንድ የአጥንት ነጥብ ላይ ተወስኖ፣ በዕረፍትም ሌሊትም የማይለቅ ሕመም ግን በተደጋጋሚ ጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በሩጫ እያንዳንዱ እርምጃ የሰውነትን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን ኃይል በእግር ላይ ያሳርፋል፤ የተሰነጠቀ አጥንት ይህን ከተሸከመ ወደ ሙሉ ስብራት ሊሄድ ይችላል። ስትመረመሪ አንድ ነገር አስታውሺ፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በተራ ኤክስሬይ ላይ ላይታይ ይችላል። ኤክስሬዩ ንጹሕ ነው ተብለሽ ሕመሙ ካልተወሽ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂ። የወር አበባሽ መቅረቱንና የወረድሽውን ኪሎም ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሲታይ ምክንያቱ በቀላሉ ይታለፋል።

እስከዚያው ምግብሽን ከዛሬ ጀምሮ ጨምሪ። በየቀኑ ሦስት ዋና ማዕድና በመካከሉ ሁለት መክሰስ ይኑርሽ፤ ካርቦሃይድሬትን አትፍሪ፣ የሯጭ ስንቅ እርሱ ነውና። መብላት ስትጀምሪ ጭንቀት ወይም የጸጸት ስሜት ከያዘሽ፣ ይህም በራሱ ሊታከም የሚገባው ነገር ስለሆነ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የሥነ ልቦና ባለሙያና የሥነ ምግብ ባለሙያ አብረው ቢከታተሉሽ ይበልጥ ይረዳሽ ነበር። ሚዛኑን ለጊዜው ከቤት አውጥተሽ ለምታምኚው ሰው ስጪ። ግማሽ ማራቶኑ በሌላ ጊዜ ይገኛል። በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የአገዳሽ ምርመራ ውጤት እስኪታወቅ ድረስም አትሩጪ፣ በእግር የሚያሳምምሽ ከሆነ ረጅም መንገድም አትሂጂ።